የጋሽ የኔሰው ባለ አስራ ሦስት ጎማ

እኔ ጎሚስታ ነኝ። ከጦር ኃይሎች ወደ ቀራንዮ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ በቆርቆሮ ቤቴ ደጃፍ፣ ሃያ ሁለት ዓመት ጎማ ስፈታና ስገጥም ኖሬያለሁ። ስሜ ከሊፋ ነው። ሰፈሩ ግን "ቁጡው" ይለኛል፤ ይበለኝ። ቀኑን ሙሉ ብረት ሲደበድብ የዋለ ሰው እንደ ሙሽራ በለሆሳስ እንዲያወራ የሚጠብቅ ካለ ሌላ ጎሚስታ ይፈልግ።

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ጋሽ የኔሰው ነው። የእሳቸውን ነገር ሳወራ የራሴንም ጥፋት ማውራቴ አይቀርም። ብደብቀው ደስ ባለኝ፤ ግን ያለ እሱ ወሬው አይቆምም።

ጋሽ የኔሰው ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው። ጎጃም ተወልደው በልጅነታቸው ነው አዲስ አበባ የገቡት። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ሥራቸው የውሃ ቆጣሪ ማንበብ ነበር። ደብተር በብብት፣ እስክሪብቶ በኪስ፣ ከቤት ቤት። ኮልፌ ውስጥ የትኛው ግቢ ውሻው እንደሚናከስ፣ የትኛዋ ሴት ቆጣሪው ላይ ሳፋ እንደምትደፋ፣ የማን ቧንቧ መሬት ውስጥ እንደሚያፈስ የሚያውቁት እሳቸው ነበሩ። እኔ ልጅ ሆኜ እኛ ግቢ ሲገቡ እናቴ "የውሃው ሰውዬ መጡ" ብላ ዱካ ታወጣላቸው ነበር። አረፍ ብለው የማያውቁበት ቤት አልነበረም።

ባለቤታቸው እትዬ ጽጌማርያም ካረፉ ስድስት ዓመት ሆነ። አንድ ወንድ ልጃቸው ሐዋሳ ነው የሚሠራው፤ ለበዓል ይደውላል። ጡረታ ሲወጡ የገዟት ነጭ ኮሮላ አለቻቸው፣ ዲኤክስ የምትባለዋ፣ የድሮዋ። ያቺ መኪና ባዶዋን ስትሄድ አይቻት አላውቅም ነበር። የታመመ ዘነበወርቅ ሐኪም ቤት የሚደርሰው በእሷ ነው። ሙሽራ የሚመጣው በእሷ ነው። ለመድኃኔዓለም አሮጊቶቹ ነጠላቸውን አጣፍተው ጭንቅንቅ ብለው የሚገቡት እሷ ውስጥ ነው። ክፍያ የሚባል ነገር ቢያነሱባቸው ጋሽ የኔሰው ይቆጡ ነበር።

ዓምና ጥር ላይ ከቀራንዮ መድኃኔዓለም ወረድ ብሎ ያለው ሰፈራቸው ለመንገድ ተነሳ። ሰው ሁሉ ኮንዶሚኒየም ደርሶት ወደ ኮዬ ፈጬ ሄደ፤ የከተማው ሌላኛው ጫፍ ማለት ነው። የመንገዱ መስመር ጋሽ የኔሰው አጥር ጋ ሲደርስ ቆመ። የእሳቸው ቤት ተረፈ፣ ከእሳቸው ወዲህ ያለው ሁሉ ፈረሰ። ሰው "እርስዎ እኮ ዕድለኛ ነዎት" አላቸው። እኔም ብያቸዋለሁ። እሳቸውም "እግዚአብሔር ይመስገን" አሉ፤ ሌላ ምን ይበሉ።

ከዚያ በኋላ ነው ንፋስ ማስለካት የጀመሩት። በሳምንት ሦስት ቀን፣ አንዳንዴም አራት ቀን፣ ኮሮላዋን እያነዱ ደጃፌ ይቆማሉ። "ከሊፋ፣ እስቲ ንፋሷን እየው።" አያለሁ። ምንም አልጎደላትም። "ምንም የላትም ጋሼ።" "የፊት ግራዋን ደግመህ እየው።" ደግሜ አያለሁ። እሳቸው ያን ጊዜ አሮጌ ጎማ ላይ ቁጭ ብለዋል። ስለ ዝናቡ ያወራሉ፣ ስለ ዱሮ ቧንቧ ያወራሉ፣ እኔ እንደሆንኩ እጄ በሥራ የተያዘ ሰው ነኝ፣ "እሺ… እሺ" እላለሁ። አንድ ቀን ተናድጄ "ጋሽ የኔሰው፣ ጎማ እኮ ንፋስ እንደ ውሃ አይጠጣም" አልኳቸው። ሳቅ ብለው "ለማንኛውም ብዬ ነው" አሉኝ። ሰው ሲያወራ ሊሰሙ እንደሚመጡ አልገባኝም ነበር።

ዘንድሮ ጥቅምት መጨረሻ ላይ አንድ ጠዋት መጡና እንደ ወትሮው ንፋስ አላሉም።

"ከሊፋ፣ ጎማ ልቀይር ነው። አራቱንም።"

ደስ አለኝ፣ አልዋሽም። ክሪክ አስገብቼ አነሳኋትና ጎማዎቹን አንድ በአንድ አየኋቸው። ጎማ ሁሉ የተሠራበት ዓመት ጎኑ ላይ ተጽፏል፤ የእሳቸው አስራ አንድ ዓመቱ ነው። ጥርሱ ገና አላለቀም፣ ጣት ይገባል። ጎኑና ጎኑ ግን እንደ ደረቀ ጭቃ ተሰነጣጥቋል። እንዲህ ያለ ጎማ ሄዶ ያረጀ ጎማ አይደለም፤ ቆሞ ያረጀ ነው። ፀሐይ ላይ ተገትሮ ነው የሚሰነጠቀው። ሰው ጭኖ ቀለበት መንገድ ላይ ቢፈጥን ሊፈነዳ ይችላል።

"መቀየር አለበት" አልኳቸው። "አሁን ጥያቄው ቁጥሩ ነው። ይቺ ከፋብሪካ የመጣችው በባለ አስራ ሦስት ነው። እኔን ከሰሙኝ ግን ወደ አስራ አራት ከፍ እናድርጋት።"

"ለምን?"

"ቤትዎ የሚያስገባውን መንገድ እኮ አውቀዋለሁ። ድንጋይና ጉድጓድ ነው። ሆዷ ሲፋቅ እዚህ ድረስ ይሰማኛል። አስራ አራት ቸርኬና ጎማ ብንገጥምላት ሁለት ጣት ያህል ከፍ ትላለች፣ ድንጋዩን አልፋ ትሄዳለች። ኪሎሜትር ቆጣሪዋ ትንሽ አሳንሶ ያነባል እንጂ ሌላ ችግር የለውም። አሁን ሰው ሁሉ የሚያስገጥመው እሱን ነው።"

አገጫቸውን ይዘው አሰቡ። ሰውየው ዕድሜ ልካቸውን ቆጣሪ ያነበቡ ናቸው፤ ነገር ሳያጣሩ አይሄዱም።

"ሰው ሲጫንባትስ?"

እዚህ ላይ እውነቱን መናገር ነበረብኝ፣ ተናገርኩ። "ሰው ከሞላባት ኋላዋ ዝቅ ይላል። ያን ጊዜ ትልቁ ጎማ ከላይ የሚሸፍነውን ቆርቆሮ፣ ፓራፋንጎውን፣ ይነካል። ጉድጓድ በገባች ቁጥር እየፋቀ ይሄዳል፣ በመጨረሻም ጎማውን ይቆርጠዋል። አንድ ሁለት ሰው ከሆነ ግን ምንም አይልም።"

"እንግዲያው አስራ ሦስቱን ይሁንልኝ። እኔ ሰው እጭናለሁ።"

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። የታክሲ ተራ አስከባሪው ብሩኬ አጠገቤ ቆሟል፣ ሁለት ሾፌሮች ከእሱ ጋር አሉ። እኔ ደግሞ ሰው ሲኖር አዋቂነቴን ማሳየት እወዳለሁ፣ በሽታዬ ነው።

"ማንን ነው የሚጭኑት ጋሽ የኔሰው?" አልኩ እየሳቅኩ። "የኋላው ወንበር ላይ አቧራ ተኝቷል። ሞላዋን አየሁት፣ ከተጫነ ስንት ጊዜው። እኔ ጎማ አነባለሁ፤ የእርስዎ ጎማ 'ብቻዬን ነው የምሄደው' ነው የሚለው። አስራ አራቱን ያስገጥሙና ይገላገሉ።"

ሾፌሮቹ ሳቁ። ብሩኬ አልሳቀም፣ ወደ መሬት አየ። ጋሽ የኔሰው ከተቀመጡበት ተነሱ፣ ሱሪያቸውን አራገፉ፣ "ልክ ነህ፣ በደንብ ታነባለህ" አሉኝ። አልተቆጡም። ቢቆጡኝ ይሻል ነበር። መኪናቸው ውስጥ ገብተው ሄዱ።

ዘጠኝ ቀን አልመጡም። በሦስተኛው ቀን ነገሩ ከንክኖኝ ለባለቤቴ ለሰዓዳ ነገርኳት። ሰዓዳ እንደ እኔ አትጮህም፤ አንድ ነገር ብቻ ትናገርና ዝም ትላለች።

"ይህን ያልከው ለአባትህ እኩያ ነው?" አለችኝ። "ሰው ፊት?"

በዘጠነኛው ቀን ጠዋት ሱቁን ሳልከፍት ቤታቸው ሄድኩ። መኪና ይዤ አልነበረም፣ በእግሬ ነው። ያን ሰፈር ከፈረሰ በኋላ ገብቼበት አላውቅም ነበር። ግንብ የለ፣ ሱቅ የለ፣ የምትጮህ ዶሮ እንኳ የለች። የማንን ቤት ደጃፍ እንደረገጥኩ ማወቅ አቃተኝ። ከፍርስራሹ መሃል የጋሽ የኔሰው ሰማያዊ በር ብቻዋን ቆማለች። በሩን ሳንኳኳ ድምፁ የሚመለስበት ግድግዳ ስለሌለ ዝም ብሎ ጠፋ። ለካ ሰው ፈልገው ሲመጡ ንፋስ ብቻ ሰጥቼ ነው የምመልሳቸው፣ ብዬ አሰብኩ።

ከፈቱልኝ። ይቅርታ ልል አፌን ስከፍት "ግባ፣ ግባ፣ ቁርስ በልተሃል?" አሉኝ። ይቅርታዬን እዚያው ዋጥኩት፣ እስከ ዛሬም አልወጣም።

ሳሎኑ ንጹሕ ነው። ግድግዳውን ተደግፈው አስራ ሁለት ወንበሮች ተደርድረዋል፤ አንዱ ከአንዱ አይመሳሰልም። ጥግ ላይ ትንሽ ጠረጴዛ አለች፣ እላይዋ ላይ በቀይ ጨርቅ የተሸፈነ ነገር አለ። ዓይኔ እዚያ ላይ ሲቀር አዩኝ።

"ጽዋው ነው" አሉ።

እኔ ሙስሊም ነኝ፤ ግን ኮልፌ ተወልዶ ጽዋ ማኅበርን የማያውቅ የለም። ወር በገባ በሃያ ሰባት፣ የመድኃኔዓለም ዕለት፣ ማኅበርተኛው አንዱ ቤት ይሰበሰባል፤ ይጸለያል፣ ዳቦው ይቆረሳል፣ ጠላው ይጠጣል። ሲያበቃ ጽዋውን የሚቀጥለው ተረኛ ይረከብና ወደ ቤቱ ይወስዳል። እንዲህ እንዲህ እያለ ከቤት ቤት ይዞራል። የጋሽ የኔሰው ማኅበር አርባ ዓመት ዞሯል፤ ሰፈሩ እስኪነሳ ድረስ አንድም ወር አልዘለለም።

"ዓምና ታኅሣሥ እኔ ተረከብኩ" አሉኝ። "በወሩ ሰፈሩ ተነሳ። እኔ በሃያ ሰባት ዳቦዬን ደፍቼ ጠበቅኩ፣ ሰው ዕቃ እየጫነ ስለነበር አልመጣም። ይሁን አልኩ። በየካቲትም ጠበቅኩ። በመጋቢትም ጠበቅኩ። እስከ ዛሬ በየወሩ ዳቦ እየደፋሁ ነው። አስራ አንድ ወር ሊሆነው ነው። ጽዋ እኮ ይዞራል እንጂ አንድ ቤት አይቀመጥም ከሊፋ። እኔ እጅ ላይ ሊሞት ነው።"

"አባላቱ የሉም?"

"የሞተው ሞቷል፣ ወደ ልጁ ዘንድ የሄደው ሄዷል። አራት ቀርተዋል፣ አራቱም ኮዬ ናቸው፤ የሕንፃ ቁጥራቸውን ሲሄዱ ይዣለሁ። መምሬ ተክለማርያም፣ ፍቅሬ፣ ኪዳን፣ አየለች። ሁሉም ከእኔ ይበልጣሉ እንጂ አያንሱም። ሦስት ታክሲ እየቀያየሩ እንዴት ይምጡ? እኔ ሄጄ አመጣቸዋለሁ። ለኅዳር መድኃኔዓለም። ለዚህ ነው ጎማውን የፈለግኩት። አራት ሰው፣ ከእኔ ጋር አምስት። ያው ትሞላለች።"

"ደውለው ነግረዋቸዋል?" አልኳቸው።

ፊታቸው ተለወጠ። እኔ ላይ ሲቆጡ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

"ማኅበር በስልክ አይጠራም። ምን ነካህ? የሚጠራው ቀኑ ነው። ሃያ ሰባት መሆኑ ይጠፋቸዋል? ጠርቼ ያመጣሁት ሰው እንግዳ ነው፤ ማኅበርተኛ አይደለም። አባቶቻችን እንዲያ አልሠሩትም።"

ሁለተኛው ጥፋቴ ይኸውላችሁ። ለአንድ ጎማ ቁጥር ግማሽ ሰዓት የምከራከር ሰውዬ፣ እዚህ ላይ አፌን ዘጋሁ። የሰው ሃይማኖት ነው፣ ምን አገባኝ ብዬ። ቁጣዬ የሚመጣው ሳይፈለግ ነው፤ ሲፈለግ የለም። "ግድ የለም፣ ስልካቸውን አፈላልገው ይደውሉ፣ መድኃኔዓለም አይቀየምዎትም" ማለት ስንት ቃል ነው?

ጎማውን ፍለጋ ራሴ ሄድኩ። መርካቶ ጎማ ተራ ውስጥ ነጋዴው ጀይሉ ባለ አስራ ሦስት ስለው ሳቀብኝ፤ "ከሊፋ፣ ይህን አሁን ማን ይጠይቃል? ሰው ሁሉ አስራ አራት ሆኗል፣ እኔም አላስመጣም" አለኝ። ስድስት ሱቅ ዞሬ ሁለቱን አንድ ቦታ፣ ሁለቱን ሌላ ቦታ አገኘሁ። ዓመታቸውን አንብቤ፣ ጎናቸውን ዳስሼ፣ ልክ የዘንድሮ መሆናቸውን አረጋግጬ ገዛሁ። ያን ቀን ደስ ብሎኝ ነበር የተመለስኩት። ጀይሉ ሱቅ ውስጥ ካየኋቸው ባለ አስራ አራቶች ደግሞ አንድ ሙሉ ቅያሪ ከነቸርኬው ለሌላ ደንበኛ ይዤ መጣሁ።

አስራ ሦስቱን ገጠምኩላቸው። የመኪናዋ ሆድ ግን አሁንም ድንጋዩን እንደሚፋቅ አውቃለሁ፤ ሰው ሲጫንባት ደግሞ ይብሳል። ስለዚህ እኔና ብሩኬ እሑድ ዕለት አካፋ ይዘን ከዋናው መንገድ እስከ ሰማያዊዋ በር ድረስ ጎማው የሚሄድበትን ሁለቱን መስመር ደለደልን። ጉድጓዱን በፍርስራሽ ሞላን፣ ትልልቁን ድንጋይ ወደ ዳር አወጣን። ጋሽ የኔሰው ውሃ እያመጡልን "እዚህ ጋ ትንሽ ጨምሩበት፣ አየለች ወገቧን ያማታል" ይሉን ነበር። ብሩኬ "ጋሼ፣ ኮንትራቱን ሰጥተውን ቢሆን ሰፈሩን ሁሉ አስፋልት እናደርገው ነበር" አለ። ሳቅን። ጋሽ የኔሰው እንዲያ ሲስቁ ለረጅም ጊዜ አላየኋቸውም ነበር።

ኅዳር ሃያ ሰባት ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ሱቄ ደጃፍ አቆሙ። መኪናዋ ታጥባለች፣ የኋላው ወንበር ላይ አዲስ ጨርቅ ተነጥፎበታል። እሳቸው ነጠላቸውን አጣፍተዋል። ንፋሷን ለካሁላቸው፤ ለሙሉ ጭነት የሚሆን ትንሽ ጨመርኩበት።

"ሲመለሱ ቆም ይበሉና አሳዩኝ፣ ጎማው እንዴት እንደያዘ አያለሁ" አልኩ።

"እሺ። መምሬን ታያቸዋለህ፣ ቀልደኛ ናቸው" አሉ። ሄዱ።

ያን ቀን ሥራ አልያዘልኝም። ለአንዱ ቅያሪ ስገጥም ቸርኬውን የሚይዘው ዳዶ አልጠብቅ እያለኝ ሦስት ጊዜ ፈታሁ። ዙህር ሰግጄ መጣሁ፣ የሉም። ስምንት ሰዓት ሆነ፣ የሉም። ብሩኬን ሁለት ጊዜ "ኮሮላዋን አላየሃትም?" አልኩት። "አንተ እኮ ሚዜ መሰልክ" አለኝ። ወንበሮቹን አሰብኩ፣ ዳቦውን አሰብኩ። መኪናዋ ሞልታ ስትመጣ ኋላዋ ዝቅ ብሎ እንደሚታየኝ እርግጠኛ ነበርኩ። ከሩቅ ነው የማውቀው፤ መኪና ሰው እንደጫነ ከኋላዋ ይታወቃል።

አስር ሰዓት ሲሆን መጣች። ገና ከመታጠፊያው ስትወጣ አየኋት። ኋላዋ ቀጥ ብሎ ነበር።

ወርደው ያቺው አሮጌ ጎማ ላይ ተቀመጡ። ውሃ ሰጠኋቸው። አልጠየቅኳቸውም፣ እሳቸው ናቸው የጀመሩት። ቆጣሪ የሚያነቡ ይመስሉ ነበር፤ ድምፃቸው ከፍም ዝቅም አይልም።

"አየለች ሞታለች" አሉ። "ነሐሴ ላይ። ልጇ በር ከፈተችልኝ። በምን እንንገርዎ አለችኝ፣ የእርስዎ ስልክ የለንም። እውነቷን ነው፣ እኛ ስልክ አንለዋወጥም ነበር፣ በአጥር ነው የምንጠራራው። አራት ወር ሆኖኛል ማለት ነው፣ ሳልቀብራት።"

አንድ ሾፌር ንፋስ ሊያስለካ መጣ፤ በእጄ መለስኩት።

"ኪዳንን ወንድ ልጁ ደብረ ብርሃን ወስዶታል። መምሬ አልጋ ላይ ናቸው። እጃቸውን ሳምኩ። 'ውሃ ልታነብ ነው?' አሉኝ። ቆጣሪው ውጪ ነው አሉኝ። ሌላ አላወቁኝም።"

"ጋሽ ፍቅሬስ?"

ውሃውን እስከ መጨረሻው ጠጡና ጠርሙሱን መሬት ላይ አስቀመጡ።

"ፍቅሬ አለ። ደህና ነው። ደረጃውን ስወጣ ጸሎት ሰማሁ፣ ደስ አለኝ፣ እየጠበቀኝ ነው ብዬ። ገባሁ። ቤቱ ሙሉ ሰው ነው። የመድኃኔዓለም ማኅበር አቋቁመዋል፣ እዚያው ሕንፃው ላይ ካሉት ጋር። ዛሬ ተራው የእሱ ነው። ተነስቶ አቀፈኝ፣ አለቀሰ። ለሰዎቹ 'የዱሮ ሰፈሬ ሰው ነው፣ እንግዳዬ ነው' አላቸው። በሩ አጠገብ ወንበር አመጡልኝ። ዳቦ ቆርሰው ሰጡኝ። በላሁ።"

"ለምን እንዳልመጣ አልጠየቁትም?"

"ጠየቅኩት እንጂ። ሲሸኘኝ ደረጃው ላይ። ምን አለኝ መሰለህ? 'የኔሰው፣ ጽዋው አንተ ዘንድ ነው፣ ቤትህ ይፍረስ ይቁም እኛ በምን እናውቃለን? ይጠራናል ብለን ስምንት ወር ጠበቅን። አየለችማ ዝም ያለው ቢጠላን ነው እያለች ሞተች' አለኝ።"

መንገድ ላይ ታክሲዎቹ ይጮሃሉ፣ ረዳቶቹ ጦር ኃይሎች፣ ጦር ኃይሎች ይላሉ። ያን ቀን ሳሎናቸው ውስጥ 'ይደውሉ' ማለት ነበረብኝ፤ አሁን ብናገረው ለማን ይጠቅማል?

"ጋሼ፣ ከጋሽ ፍቅሬ ጋር…" ብዬ ጀመርኩ።

"ሁለት ጽዋ አይያዝም" አሉኝ። "እሱ አላጠፋም። ሰው ነው የፈለገው፣ አጠገቡ ያለውን ሰው አገኘ። ጽዋውን ነገ ለቤተክርስቲያን አስረክባለሁ።"

ተነስተው ወደ ሱቄ ውስጥ ገቡ። እየዞሩ ሲያዩ ቆዩና ግድግዳው ሥር ከደረደርኳቸው ጎማዎች ፊት ቆሙ።

"እነዚህ ባለ አስራ አራቶቹ ናቸው?"

"ናቸው፤ ግን ለሌላ ሰው ነው ያመጣኋቸው።"

"ለእሱ ሌላ ታመጣለህ። ለእኔ እነዚህን ግጠምልኝ።"

"ጋሽ የኔሰው" አልኩ፣ "ያሉት ጎማዎች እኮ የዘንድሮ ናቸው፣ ገና ሰማንያ ኪሎሜትር አልሄዱም። ምን ሆኑ? አልገጥምም።"

በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ለደንበኛ አልገጥምም ስል ያ የመጀመሪያዬ ነው።

"ምንም አልሆኑም" አሉ። "ጥሩ ጎማ ነው፣ ጥሩ አድርገህ መርጠሃል። ግን ዛሬ ስወጣ ሆዷ ሁለት ጊዜ ተፋቀ፤ ክረምት ሲመጣ የደለደላችሁትን ጎርፍ ይወስደዋል። ለዚያ መንገድ አስራ አራቱ እንደሚሻል አንተው ነግረኸኛል። የምትናገረው እውነት ነበር። እኔ ነኝ ያልሰማሁህ።"

"እኔ የቀባጠርኩትን ነው የሚሰሙት? እኔ እኮ አፌ…"

"ግጠምልኝ ልጄ። ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ።"

ምን ላድርግ? ክሪኩን አስገባሁ። አራቱን ፈታሁ፣ አራቱን ገጠምኩ። ዳዶውን ሳጠብቅ እጄ ይሠራል፣ ዓይኔ ግን አያይም ነበር፤ ላብ ነው ብዬ በክንዴ ጠረግኩት። መኪናዋ ከክሪኩ ስትወርድ ሁለት ጣት ከፍ ብላለች። ያምርባታል፣ ይህንን መካድ አልችልም።

ትልቅ ጎማ የገጠምኩላትን መኪና ሳልሞክር ሰድጄ አላውቅም። ደጃፍ ላይ ያለውን ሰው ሁሉ ሰብስቤ አራት አምስት አድርጌ እጭንባታለሁ፣ መሪዋን እስከ ጥግ አዞራለሁ፣ የመንገዱን ጉድባ አሻግራታለሁ። የምትነካ ከሆነ ያኔ ይሰማል። ከመልመዴ የተነሳ ሳላስበው ወደ ታክሲ ተራው ዞሬ "ብሩኬ፣ ሦስት ሰው ይዘህ ና" አልኩ።

ጋሽ የኔሰው ክንዴን ያዙኝ።

"ተው፣ አትጥራቸው" አሉ። "እኔ ብቻዬን ነው የምሄደው።"

ገብተው በሩን ዘጉ። መሪዋን እስከ ጥግ አዙረው ጉድባውን ተሻገሩና ወደ ቀራንዮ ታጠፉ። ቆሜ አዳመጥኩ። ጎማው የትም አልነካም።